“እንዲህ ያለ ሞጁል የለም”፦ ፓይተን ፋይላችሁን የት የት ይፈልጋል?

ፓይተን መማር ከጀመራችሁ ይህ ነገር አንድ ቀን ይገጥማችኋል፤ ምናልባትም ገጥሟችኋል። ፋይሉን ራሳችሁ ጽፋችኋል፣ ስሙንም ራሳችሁ አውጥታችኋል። ፎልደሩን ከፍታችሁ ስታዩት ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተሩ ግን “እንዲህ ያለ ሞጁል የለም” ይላችኋል። ዐይናችሁ እያየው “የለም” መባል ያናድዳል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ደግሞ ከንዴቱም የባሰ ነው፦ “በቃ፣ ኮዲንግ ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም።”

ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ኮዲንግን በራሱ የሚማር ወጣት በየከተማው አለ። አረርቲም ሁኑ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜ አጠገባችሁ “እስቲ ልየው” የሚል ሰው አይኖርም። ኮምፒውተሩ የጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ የኢንተርኔት ጥቅሉም ማታ ያልቃል። እንዲህ ላለ ሰው አንድ ያልገባው ስህተት የሚበላበት አንድ ሰዓት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ያ መልእክት ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ስለ እናንተ ችሎታ የሚለው አንዳች ነገር የለም። የሚነግራችሁ የአንድ ፍለጋን ውጤት ነው፦ የተወሰኑ ቦታዎች በተወሰነ ተራ ታይተው፣ አንዳንዶቹም በዐይን ሳይሆን በትዝታ ብቻ ታይተው፣ የተገኘውን መልስ። ተራውንና ትዝታውን ያወቀ ሰው መልእክቱን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ፍንጭ ያነበዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የፓይተንን ቃላት እዚህ በፊደላችን፣ በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው። ኮምፒውተር ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው።

ስም አድራሻ አይደለም

ፓይተንን የፈጠረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ነው፤ ለሕዝብ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ቋንቋው ራሱ ትንሽ ነው። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ሞጁሎች ናቸው። ሞጁል ማለት ብዙውን ጊዜ የፓይተን ኮድ የተጻፈበት አንድ ፋይል ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን ወይም ራሳችሁ ትናንት የጻፋችሁትን ኮድ ዛሬ ለመጠቀም “ኢምፖርት” ብላችሁ የሞጁሉን ስም ትጽፋላችሁ። በቃ።

ልብ በሉ፣ የሰጣችሁት ስም ብቻ ነው። የትኛው ዲስክ፣ የትኛው ፎልደር አላላችሁም። ስም ደግሞ አድራሻ አይደለም። አረርቲን ውሰዱ። ለመኪና ረዳት “አረርቲ” ብትሉት የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማን ነው የምትሉት፤ ሒሳብ ተቀብሎ ያሳፍራችኋል። የሽምብራ ዘር ለሚያከፋፍል ሰው “አረርቲ” ብትሉት ግን ሌላ ነገር ነው የሚመጣለት፤ አረርቲ የሚባል፣ ፍሬው ነጣ ያለ የሽምብራ ዝርያ አለና። ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። የምታገኙት መልስ የሚወሰነው መጀመሪያ ማንን እንደጠየቃችሁ ነው።

ፓይተንም እንደዚሁ ነው። የሚጠይቃቸው ቦታዎች ዝርዝር አለው፤ ዝርዝሩም “ሲስ ፓዝ” ይባላል። አንደኛው የምታስኬዱት ፋይል ያለበት ፎልደር ነው። ቀጥሎ “ፓይተን ፓዝ” በተባለው የኮምፒውተሩ ቅንብር ላይ እናንተ የጨመራችኋቸው ፎልደሮች ካሉ እነሱ ይመጣሉ። ከዚያ ከፓይተን ጋር አብረው የሚመጡት ሞጁሎች ያሉበት ይከተላል። በመጨረሻ “ሳይት ፓኬጅስ” የሚባለው፣ በ“ፒፕ” የጫናችኋቸው የሚቀመጡበት ፎልደር ነው። ፍለጋው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ስሙን መጀመሪያ ያገኘበት ቦታ ላይም ይቆማል። ከዚያ በታች የተሻለ ይኑር አይኑር አያጣራም።

ይህ ደንብ ብዙ ጀማሪዎችን ያስቸገረ አንድ ነገር ያመጣል። የዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል። በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው የፓይተን ሞጁል “ራንደም” ስለሚባል እናንተም ፋይላችሁን “ራንደም” አላችሁት። ከዚያ ውስጡ “ኢምፖርት ራንደም” ጻፋችሁ። ፓይተን መጀመሪያ የሚያየው የእናንተን ፎልደር ነው፤ እዚያ “ራንደም” አለ፤ አነሳው። ፕሮግራማችሁ ራሱን ጠራ ማለት ነው። ትክክለኛው ራንደም ከታች ተቀምጦ ማንም አልጠየቀውም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የወጣው ፓይተን 3.13 እንዲህ ሲሆን “ፋይልህ ከፓይተን ሞጁል ጋር ሞክሼ ነውና ስሙን ለውጠው” የሚል ምክር ጨምሯል። በቀድሞዎቹ ግን ምክንያቱን ራሳችሁ ነው የምታገኙት።

ጠባቂውና ወረቀቱ

አሁን አንድ እህል ነጋዴ አስቡ። አምስት መጋዘን አለው። ደንበኛ መጥቶ “ነጭ ጤፍ አለ?” ሲል ነጋዴው ረዳቱን ይልካል። ረዳቱ አንደኛውን መጋዘን ከፍቶ ገብቶ ያያል፤ ከሌለ ሁለተኛውን፤ ከሌለ ሦስተኛውን። ቀጣዩ ደንበኛ “ሽምብራስ?” ሲል ዙሩ እንደገና ይጀመራል። የገበያ ቀን ሲሆን ረዳቱ ማታ እግሩን መሸከም ያቅተዋል።

የድሮው ፓይተን የሚሠራው እንደዚህ ረዳት ነበር። በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ አንድ ሞጁል በተለያየ መልክ ሊገኝ ይችላል፦ እንደ ፎልደር፣ በሲ ቋንቋ ተጽፎ እንደተዘጋጀ ፋይል፣ እንደ ተራ የፓይተን ፋይል፣ ቀድሞ እንደተተረጎመ ፋይል። ፓይተን እያንዳንዱን መልክ ለየብቻ “አለህ?” ብሎ ያንኳኳ ነበር። አምስት ፎልደርና አራት መልክ ቢኖር፣ መጨረሻው ፎልደር ላይ ያለን አንድ ሞጁል ለማግኘት እስከ 20 ጊዜ ማንኳኳት ነው። 200 ሞጁል የሚጠራ ፕሮግራም ከሆነ እስከ 4000 ይደርሳል። ፎልደሩ በኔትወርክ በኩል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዷ ማንኳኳት በገመድ ሄዳ ትመለሳለች።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 የወጣው ፓይተን 3.3 ይህን ቀየረ። የፍለጋው ሥራ ራሱ በፓይተን እንደገና ተጽፎ “ኢምፖርትሊብ” ወደተባለው ክፍል ገባ፤ በዚህ ሥራ ስሙ በዋናነት የሚነሳው ብሬት ካነን ነው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፎልደር አንድ ጠባቂ ይቀጠራል፤ ስሙ “ፋይልፋይንደር” ነው። ጠባቂው መጀመሪያ ሲጠየቅ መጋዘኑ ገብቶ ያለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ ማንም ሲጠይቀው ወረቀቱን ያያል እንጂ አይገባም። እንዲህ ያለ፣ ሁለተኛ እንዳይለፋበት የተያዘ ትዝታ “ካሽ” ይባላል።

“ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ አዲስ ጆንያ ቢገባስ?” ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጠባቂውም አስቦበታል። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፎልደር “ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው በዚህ ሰዓት ነው” የሚል መዝገብ ይይዛል። በመጋዘኑ በር ላይ እንደተለጠፈ ሰዓት ቁጠሩት። ጠባቂው ወረቀቱን ሲጽፍ ያንን ሰዓትም አብሮ ይጽፋል። በተጠየቀ ቁጥር መጀመሪያ የበሩን ሰዓት ያያል። ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ከሆነ “ምንም አልተለወጠም” ብሎ ወረቀቱን ያምናል። ከተለየ ወረቀቱን ቀድዶ እንደገና ይዘረዝራል።

ቁጥሩን አሁን እንደገና እዩት። 200 ሞጁል በአምስት ፎልደር ቢፈለግ፣ ቢበዛ 1000 ጊዜ ሰዓት ማየትና አምስት ጊዜ መዘርዘር ነው። ከ4000 ጋር ስታስተያዩት ትልቅ እረፍት ነው።

ወረቀቱ ሳይታደስ ሲቀር

ግን ሰዓት የራሱ ድክመት አለው። የበሩ ሰዓት ደቂቃ ብቻ የሚቆጥር ቢሆንስ? ጠባቂው 4:10 ላይ ዘርዝሮ ወጣ። እዚያው 4:10 ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ጆንያ አስገባ። የበሩ ሰዓት አሁንም 4:10 ነው። ጠባቂው ሲጠየቅ ሰዓቱ አንድ ስለሆነ ወረቀቱን አምኖ “የለም” ይላል። አልዋሸም፤ ተሸወደ እንጂ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር እስኪገባ ወይም እስኪወጣ ድረስ “የለም” እንዳለ ይቀጥላል።

ኮምፒውተር ላይ ይህ በእጅ ስትጽፉ እምብዛም አይገጥማችሁም፤ የሰው እጅ ቀርፋፋ ነው። የሚገጥማችሁ ፕሮግራማችሁ ራሱ አዲስ የፓይተን ፋይል ፈጥሮ ወዲያው ሊጠራው ሲሞክር ነው። ስለዚህ የፓይተን መመሪያ እንዲህ ሲሆን “ኢምፖርትሊብ ኢንቫሊዴት ካሽስ” የሚለውን ትእዛዝ በመሃል እንድታስገቡ ይመክራል። ትርጉሙ “ጠባቂዎች፣ ወረቀታችሁን ጣሉ” ነው።

ሁለተኛው ሽወዳ ደግሞ ለእኛ አገር ተማሪ ይቀርባል፤ ፍላሽ ላይ ሥራ ይዞ መዞር ልማዳችን ነውና። ፍላሻችሁ ላይ ያለውን ፎልደር ወደ ሲስ ፓዝ ዝርዝር ጨምራችኋል። ፓይተንን ከፍታችሁ ሥራ ጀመራችሁ፤ ፍላሹ ግን ገና አልተሰካም። በመሃል ያልተገኘ ሞጁል ተፈልጎ ፍለጋው እስከ ፍላሹ ፎልደር ደረሰ። እዚያ ቦታ ምንም ፎልደር የለም። ፓይተን “እዚህ አድራሻ ጠባቂ የሚቀጠርበት መጋዘን የለም” ብሎ ይህንንም ይመዘግባል። ጠባቂዎቹ የሚመዘገቡበት ደብተር “ፓዝ ኢምፖርተር ካሽ” ይባላል።

ከዚያ ፍላሹን ሰካችሁ። ፎልደሩ አሁን አለ፤ ፋይሉም አለ። ፓይተን ግን ደብተሩን ገልጦ “እዚያ ምንም የለም ተብሏል” ብሎ ያልፈዋል። የበር ሰዓት የሚያይ ጠባቂ እንኳ የለም፤ አልተቀጠረማ! ስለዚህ ጊዜ ቢያልፍም ራሱን አያርምም። ከፓይተን 3.7 ወዲህ ያው የመርሻ ትእዛዝ እነዚህን “የለም” የሚሉ መስመሮችም ከደብተሩ ይሰርዛል። ወይም ደግሞ ፓይተንን ዘግቶ መክፈት ነው፤ ይህ ሁሉ ትዝታ የሚኖረው ፕሮግራሙ እስካለ ብቻ ነውና።

ጠረጴዛው ላይ የቀረው አሮጌ ቁጥር

እስካሁን የተሳሳተው ትዝታ “የለም” የሚል ነበር። ይህ ያናድዳል እንጂ አያሳስትም። የሚያሳስተው “አለ” የሚለው ነው።

ፓይተን ፎልደሮቹን ከመጠየቁ በፊት የሚያየው አንድ ቦታ አለ፦ “ሲስ ሞጁልስ”። ይህ አንድ ጊዜ ተጠርተው የመጡ ሞጁሎች የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ነው። የፈለጋችሁት ሞጁል ጠረጴዛው ላይ ካለ ፍለጋ የሚባል ነገር አይጀመርም፤ ያንኑ ያነሳላችኋል። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ቢለወጥም አያይም።

በቁጥር እንየው። ምርት በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ የሚያሰላ ሞጁል ጻፋችሁ። ጥማድ በየአካባቢው ቢለያይም ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ገደማ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ማለትም 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው። እናንተ ግን በ5 አካፈላችሁ። ከ6 ጥማድ 30 ኩንታል ጤፍ ላገኘ ገበሬ ፕሮግራሙ መሬቱን 1.2 ሄክታር አድርጎ በሄክታር 25 ኩንታል ይላል። ስህተቱን አያችሁና ፋይሉ ውስጥ 5ን በ4 ቀይራችሁ አስቀመጣችሁ። እንደ ጁፒተር ባለ ክፍት በሚቆይ መሥሪያ ላይ ናችሁና “ኢምፖርት” የሚለውን መስመር ደግማችሁ አስኬዳችሁ። መልሱ አሁንም 25 ነው። ትክክለኛው መልስ 20 ነበር።

ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ የለም። ሁሉም ሰላም ይመስላል። ሰው ታዲያ ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል፦ “የለወጥኩት ነገር ለውጥ አያመጣም” ወይም “25 ትክክል ነበር”። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለተኛው ወደ ሪፖርት ከገባ ደግሞ ማንም አያገኘውም። “ኢምፖርትሊብ ሪሎድ” የሚባል ሞጁሉን እንደገና የሚያነብ ትእዛዝ አለ። ሆኖም ከሞጁሉ ውስጥ ለይታችሁ በስሙ ያወጣችሁት ነገር ካለ አሮጌው በእጃችሁ ይቀራል። ለቁጥር ሥራ የሚታመነው መንገድ አንድ ነው፦ ኮዱን ከለወጣችሁ ፓይተንን ዘግታችሁ ክፈቱ፤ ከላይ እስከ ታችም እንደገና አስኬዱት።

አራተኛ ትዝታም አለ፤ እሱ ግን ፕሮግራሙ ሲዘጋ አይጠፋም። ፎልደራችሁ ውስጥ ሳትፈጥሩት የበቀለ “ፓይካሽ” የሚባል ፎልደር አይታችሁ ይሆናል። ፓይተን ኮዳችሁን ወደ ውስጥ ቋንቋው ከተረጎመ በኋላ ትርጉሙን እዚያ ያስቀምጣል፤ ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ፓይተን 3.2 ጋር ነው። ትርጉሙ አሮጌ መሆኑን የሚያውቀው የዋናውን ፋይል የተለወጠበትን ሰዓትና መጠኑን በማስተያየት ነው። ሰዓቱን የሚይዘው በሙሉ ሰከንድ ነው። 5ን በ4 ስትቀይሩ ደግሞ መጠኑ አይለወጥም። ብዙ ፍላሾች የሚጠቀሙበት ፋት 32 የሚባለው የፋይል አያያዝማ ሰዓቱን በ2 ሰከንድ እርምጃ ነው የሚመዘግበው። ስለዚህ ፕሮግራም ፋይሎችን በፍጥነት በሚለውጥበት ሥራ ላይ አሮጌ ትርጉም ሊያመልጥ ይችላል። ከተጠራጠራችሁ የፓይካሽን ፎልደር ሰርዙት፤ ምንም አይጎዳም፤ ፓይተን እንደገና ይሠራዋል።

ጸሐይ፣ ፀሐይ

የመጨረሻው ጉዳይ የራሳችን ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ከወጣው ፓይተን 3 ጀምሮ ለሞጁልም ሆነ ለሌላ ነገር ስም በፊደላችን ማውጣት ይቻላል። ፋይላችሁን “ጤፍ” ብላችሁ “ኢምፖርት” ካላችሁ በኋላ ጤፍ ብትጽፉ ይሠራል። እንደ “ኢምፖርት” ያሉት የቋንቋው ቃላት ብቻ እንግሊዝኛ ሆነው ይቀራሉ፤ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለት ፊደላትም እንዲሁ።

አሁን የሶላር ኃይል የሚያሰላ ሞጁል ጻፋችሁና ፋይሉን “ጸሐይ” አላችሁት። ሌላው ፋይል ላይ ጓደኛችሁ “ፀሐይ” ብላ ጠራችው። ስታነቡት ድምፁ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ጸ በዓለም አቀፉ የፊደላት ሠንጠረዥ ቁጥሩ 4920 ነው፤ ፀ ደግሞ 4928። ጠባቂው ወረቀቱን የሚያስተያየው በቁጥር ነው እንጂ በድምፅ አይደለም። “የለም” ይላል፤ ልክ ነው። ሐና ሀ፣ ሠና ሰ፣ ዐና አም እንደዚያው ናቸው። እንግዲህ በቡድን ስትሠሩ በየትኛው ፊደል እንደምትጽፉ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

“የለም” ሲላችሁ

ከአሁን በኋላ ያ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ፓይተንን መልሳችሁ ጠይቁት። ሲስ ፓዝን ፕሪንት አድርጉ፦ ፋይላችሁ ያለበት ፎልደር ዝርዝሩ ውስጥ አለ? ከሌለ ጥፋቱ የትዝታ ሳይሆን የአድራሻ ነው። ካለ የስሙን ፊደል አንድ በአንድ አስተያዩ። ሞጁሉ ተገኝቶ ጠባዩ እንግዳ ከሆነባችሁ “ፋይል” የሚለውን መለያውን ፕሪንት አድርጉ፤ ከየትኛው ፎልደር እንደመጣ ሙሉ አድራሻውን ይነግራችኋል። ከጠበቃችሁት የተለየ ከሆነ ሞክሼ አለ ማለት ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም “የለም” ካለ፣ ያኔ ወረቀቱን አስጥሉት፤ ወይም ዘግታችሁ ክፈቱት።

ይህን ሁሉ ለመሞከር ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ፓይተን የተጫነበት ኮምፒውተር ይበቃል። ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ፍጠሩ፤ አንዱ ሌላውን ይጥራ። ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹት፦ ስሙን ሞክሼ አድርጉት፣ ፊደሉን ቀይሩ፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር አዛውሩት። እያንዳንዱ ጊዜ ፓይተን ምን እንደሚል ጻፉ። አስባችሁ ያበላሻችሁት ነገር ሳታስቡት ሲበላሽ አያስደነግጣችሁም።

ቸር እንሰንብት።